የፎሶሊያ ባልትና መመዘኛው

በ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ረቡዕ፣ መስቀልም ዓርብ ዋለ። ከልደትና ከጥምቀት፣ ከትንሣኤም በኋላ ካሉት ኃምሳ ዕለታት በቀር ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ በፍትሐ ነገሥት 15ኛው አንቀጽ የተደነገገ ስለ ሆነ፣ በእነዚያ ሁለት በዓላት የምእመናን ማእድ ዶሮና ቅቤ ሳይገባበት ተዘረጋ፤ በ2019 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለሚውል ይኸው ሥርዓት ይደገማል። እንዲህ ባለው በዓል ጠዋት በገላን ኮንዶሚኒየም የሕንፃዎቹን ደረጃ የሚወጣ ሰው፣ ከአንዱ በር የሽሮ፣ ከሌላው የምስር፣ ከሦስተኛውም በዘይት የሚበስል የፎሶሊያና የካሮት መዓዛ ይቀበለዋል። እኔ ልናገርለት የምወደው ይህ የመጨረሻው፣ ከወጦቹ ጎን ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ሳይመሰገን የሚበላው ነው።

ባልትናን በዶሮ ወጥ መመዘን የቆየ ልማዳችን ነው፤ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ በሥርዓት የምትሠራ ሴትም ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን ዶሮ ወጥ በርበሬ አለው፣ ቅቤ አለው፣ መከለሻ አለው፤ ጥቂት የእሳት ወይም የጨው ጉድለት በእነዚህ መካከል ሊሰወር ይችላል። ፎሶሊያ ግን ከዘይት፣ ከጨው፣ ከሽንኩርትና ከጥቂት ነጭ ሽንኩርት በቀር የሚከልለው መጋረጃ ስለሌለው፣ የሠሪዋ ትጋት ወይም ቸልታ ያለ ምስክር በገሃድ ይታያል፤ ስለዚህ የአንዲትን ባለሙያ እጅ ማወቅ የሚሻ አስተዋይ ሰው ከወጧ ሁሉ አስቀድሞ ፎሶሊያዋን ቢቀምስ ፍርዱ የቀና ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ፍርዱ ገና ከጉሊቱ ይጀምራል። በመቂና በዝዋይ አካባቢ በመስኖ የሚለማው ፎሶሊያ በሞጆና በቢሾፍቱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ በገላን አጠገብ ያልፋል፤ ሆኖም በኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ በኩል ዞሮ ወደ ሰፈሩ የሚመለሰው፣ በጉሊት ላይ ውሃ ተረጭቶበት ሲታይ ትኩስ ይምሰል እንጂ ያደረ ሊሆን ይችላል። መልካሙ በሁለት ጣት ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ከስብራቱም እርጥበት ይወጣል፤ ሳይሰበር የሚለመጠውን መተው ነው። ፍሬው ከላይ ጎልቶ የሚታየውም ጊዜው አልፎ ወደ ቦሎቄነት ያዘነበለ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዘር ናቸውና፣ ጥንተ መገኛቸውም የአሜሪካ ምድር ነውና፣ አንዱን በለጋነቱ ከነሽፋኑ እንበላዋለን፣ ሌላውን ደርቆ ፍሬውን እንቀቅለዋለን። ጫፍና ጫፉ ሲቀነጠብ ከጎኑ ያለው ክር አብሮ መሳብ አለበት፤ በጥርስ መካከል ክር የተወ ፎሶሊያ፣ ሌላው ነገሩ ሁሉ ቢያምር እንኳ፣ ከመልካሞቹ ተራ የሚገባ አይደለም።

አቆራረጡ ለዓይን ብቻ አይደለም። ማእዳችን የእጅ ማእድ ስለ ሆነ፣ ፎሶሊያውና ካሮቱ በአንድ ጉርሻ አብረው እንዲገቡ ቁመታቸው እኩልና አጠር ያለ መሆን ይገባዋል፤ ካሮቱም በጠንካራነቱ ዘግይቶ ስለሚበስል ቀጠን ተደርጎ ይቆረጣል፣ ወደ ድስቱም ቀድሞ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእሳቱ ነገር ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ በመሆናቸው እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነውና፣ በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ የምግብ መጽሐፍ የሚያዘው ደቂቃ ለእኛ ድስት አይበቃም። ጥሬነቱ ያልለቀቀው ፎሶሊያ፣ በሙቀት ካልተሸነፈ ሆድን የሚያውክ ሌክቲን የተባለ ነገር ስላለበት፣ ጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ጤናማነቱም ጎደሎ ነው። ከልክ በላይ የቆየው በአንጻሩ አረንጓዴነቱን ያጣል፤ ምክንያቱም የክሎሮፊሉ ማግኒዥየም በሙቀትና በአሲድ ይለቃል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ከአትክልቱ ራሱ የሚወጣው አሲድ በእንፋሎት እንዲሄድ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ክዳኑን ከፍቶ ማብሰል፣ ኋላም ከድኖ በራሱ ውሃ ማለስለስ፣ ይህን ሁለቱን ፈተና በአንድነት ያሳልፋል። ቲማቲም ከጅምሩ የሚጨምሩ ሰዎች በሁለት ወገን ይጎዳሉ፤ አሲዱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ መለስለሱንም ያዘገየዋል። ሶዳ ጣል የሚያደርጉትም አረንጓዴውን ይጠብቁታል፣ ነገር ግን ሥጋው ላሽቆ ይቀራል፣ ቪታሚኑም ይባክናል፤ ከተፈጥሮው ይልቅ የሚያበራ ፎሶሊያ በሳህን ላይ ባየሁ ጊዜ፣ እጄን ሳልዘረጋ በፊት እጠራጠራለሁ። በኮንዶሚኒየም ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ መብራት ሲጠፋ ድስቱ ከኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ተከድኖ ከተተወ፣ ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፎሶሊያው በዝምታ መብሰሉን ስለማይተው፣ ባለሙያዋ ከሰል እስኪቀጣጠል ድስቱን አውርዳ ክዳኑን ትገልጣለች።

ሽንኩርቱ በቁመቱ ተቆርጦ፣ ሳይቀላ ለስልሶ ይቅር። ዘይቱ ፎሶሊያውን ያውዛው እንጂ በእንጀራው ላይ ክብ ሠርቶ አይታይ። ስንጥቅ ቃሪያ በመጨረሻ ይግባ። ድንች የሚጨምሩትን አልነቅፍም፤ ድንቹ ፈርሶ ሌላውን ከለበጠው ግን ያ ሌላ ምግብ ነው።

በበያይነቱ መካከል ሲቀርብ፣ ከቀይ ሥር አጠገብ ባይቀመጥ ይሻላል፤ የቀይ ሥር ቀለም ዙሪያውን ሁሉ ይወርሳልና። ለብ ብሎ መበላት ይበቃዋል፣ ትኩስነት የወጦቹ ድርሻ ነው። አንዱን ጉርሻ ብቻውን፣ ሁለተኛውን ከቀይ ምስር ወጥ ቀጥሎ መቅመስ ነው፤ መልካም ከሆነ በርበሬው ያቃጠለውን ምላስ የካሮቱ ጣፋጭነት ያሳርፈዋል፣ የፎሶሊያውም የራሱ ጣዕም፣ ያ ሣር ሣር የሚለው ለጋ ጣዕም፣ ከኋላ ሳይጠፋ ይደርሳል። ይህ ሁለተኛው ጉርሻ ምንም ካላመጣ፣ በሳህኑ ላይ የቀረበው ቀለም ብቻ ነው።

ሽሮውና ምስሩ በዋዜማ ቢሠሩ አድረው ይዋሐዳሉ፣ አንዳንዴም ይሻሻላሉ፤ ፎሶሊያ ግን በማደር የሚያተርፈው የለም። እንግዳ የሚበዛባት ቤት ማታ ቀንጥባ፣ አጥባ፣ ቆርጣ ታሳድረው፤ ድስቱን ግን ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ እንጀራው በሞሰብ ተደርድሮ ወጦቹ ሁሉ ካበቁ በኋላ፣ መጨረሻ ትጣደው።