የሞተው ዓሣ ምን ተሰማው?

የአክስቴ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። ዘመድ አዝማዱ «ስንፍና ነው»፣ «ስልክ ነው እንዲህ ያደረጋት» ሲላት ከረመ። አንድ ቀን ከኢንተርኔት ያገኘችውን ምስል ለእናቷ አሳየቻት። ሁለት አንጎሎች ጎን ለጎን፤ አንዱ በቢጫና በቀይ የደመቀ፣ ሌላው ሰማያዊና ደብዛዛ። «ይሄ የጤነኛ ነው፣ ይሄ ደግሞ ድባቴ ያለበት ሰው።» አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አየችና ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ እነሱ ቤት «ሰነፍ» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም አልከፋኝም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ልጅቷ በገዛ አንደበቷ ዓመት ሙሉ የነገረችንን ሳናምን፣ የማናውቀውን ሰው አንጎል በአንድ ደቂቃ አመንን። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ምስሎችን እንደ ድርሰት ላነባቸው ፈለግኩ። ደራሲያቸው ማነው? ቀለሙን ማን መረጠው? ምንስ ተቆርጦ ቀረ?

አንጎል በብዙ መንገድ ይነሣል፤ በምርምር በጣም የተለመደው ኤፍኤምአርአይ የሚባለው ነው። መሣሪያው ሐሳብን አያይም። የነርቭ ሴሎችን ሥራም በቀጥታ አያይም። የሚከታተለው ደምን ነው፦ ኦክስጅን የያዘና ኦክስጅኑን ያራገፈ ደም በማግኔት ፊት ጠባያቸው ይለያያል። ይህንን ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 አሳዩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ደም ወደዚያ ይጎርፋል፤ ጎርፉ ጫፍ የሚደርሰው ግን ከአምስት ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። በአምስት ሰከንድ ሰው ተናድዶ፣ ይቅር ብሎ፣ ስለ ምሳ ማሰብ ይጀምራል። ምስሉ ላይ የምናየው ቀይ ደግሞ ደምም ሙቀትም አይደለም፤ የስታቲስቲክስ ቁጥር ነው። ተመራማሪው «ከዚህ በላይ ያለውን ቀባው፣ ከዚህ በታች ያለውን ተወው» ብሎ ወሰን ያበጅለታል። ደራሲ አለው ማለት ነው።

ወሰኑ እንዴት እንደሚያሳስት ካሳዩት ሥራዎች እኔ የምወደው ስለ አንድ የሞተ ዓሣ ነው። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ አንድ ሳልመን መሣሪያው ውስጥ አስተኝተው የሰዎች ፎቶ እያሳዩ «ይህ ሰው ምን ተሰምቶታል?» ብለው ጠየቁት። ዓሣው በድን ነው። አንጎሉ ውስጥ ግን ጥቂት ነጥቦች ደመቁ! ተአምር እንዳይመስላችሁ። መቶ ሺህ ነጥቦችን፣ ለእያንዳንዱ ከሺህ አንድ የስህተት ዕድል ፈቅዳችሁ ብትፈትኑ፣ መቶ ያህሉ እንዲያው በአጋጣሚ ይደምቃሉ። ለዚህ የሚደረገው እርማት ሲደረግ ዓሣው ጨለመ። በ2012 የኢግ ኖቤል ሽልማት አገኙበት፤ ይገባቸዋል። ደስ የሚለኝ ኮስተር ማለቱ ነው፦ የዓሣውን ርዝመትና ክብደት ልክ እንደ ሰው ተሳታፊ ይመዘግባል። በ2020 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 70 ቡድኖች አንድ ዓይነት መረጃ ተሰጥቷቸው ነበር። አካሄዱ አንድ የሆነ ሁለት ቡድን አልተገኘም፤ በብዙው ጥያቄ ላይ መልሳቸውም ተለያየ።

ኮስታራነት ያልፈጠረበት ጽሑፍ ካማራችሁ፣ በ2011 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ የወጣው የማርቲን ሊንድስትሮም አስተያየት አለ። 16 ወጣቶች ተመርምረው፣ አይፎን ሲጠራ ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ስለሠራ፣ ሰዎቹ ስልካቸውን «ያፈቅራሉ» አለ። ከ40 በላይ የነርቭ ሳይንቲስቶች ፈርመው ለጋዜጣው መልስ ጻፉ፦ ኢንሱላ እኮ እስከ አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት የአንጎል ምስል ጥናቶች ውስጥ ይሠራል። ከመጸየፍ ጋርም ስሙ ይነሣል። እንግዲህ ያው ምስል «ስልካቸውን ይጸየፋሉ» ተብሎም ሊጻፍ ይችል ነበር። ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የግሱ ነው፤ «ሠራ» የሚለው «አፈቀረ» ሆኖ ተተረጎመ። እኛ «ሆድ ባሰኝ» ያለንን ሰው አልትራሳውንድ ካልተነሣህ አናምንህም እንለዋለን?

ነገሩን ሁሉ ማናናቅ ግን አልችልም፤ የ2006ቱ የኤድሪያን ኦወን ጥናት ይከለክለኛል። በመኪና አደጋ አንጎሏ ተጎድቶ፣ ዓይኗ ቢገለጥም ራሷን አታውቅም የተባለች የ23 ዓመት ሴት መሣሪያው ውስጥ ገባች። «ቴኒስ ስትጫወቺ በሐሳብሽ ሳዪ» ሲሏት ጤነኞቹ ያንኑ ሲያስቡ የሚሠራው ክፍል እሷም ላይ ሠራ። ቤቷ ውስጥ እየተዘዋወረች እንድታስብ ሲጠይቋት ደግሞ ሌላ። እዚያ ምስሉ አፍ ለሌላት አፍ ሆነላት።

የአክስቴ ልጅ ግን አፍ ነበራት። ያሳየችን ምስልም የእሷ አልነበረም፤ ቢሆንም እንኳ ዛሬ ድባቴን የሚመረምር ሐኪም የሚጀምረው ከፎቶ ሳይሆን ከጥያቄ ነው፤ እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ምግብ ይበላልሻል ወይ። ይህንን ጽሑፍ ስጀምር ደውዬ ነገርኳት። ቅር እንዳይላት ፈርቼ ዙሪያውን ስዞር አቋረጠችኝ።

«የሌላ ሰው እንደሆነማ አውቃለሁ» አለች። «ግን ሠራ አይደል?»