ሕልሙ የማን ነው?

በተለመደ ድራማ ውስጥ የሐሰት ገጸ ባሕርይ ቶሎ ይታወቃል። ሰው እንዲህ አይናገርም፣ እንዲህ አይቆጣም ብለን እንፈርዳለን። ሕልም በሚመስለው በሱሪያሊስት ፊልም ግን ሁሉም ነገር እንግዳ ስለሆነ የዳይሬክተሩ ስንፍናም ምስጢር መስሎ ያልፋል። እንዲህ ባለው ፊልም ውክልናን ስመዝን የሰዎቹን ዓይነትና ብዛት ቆጥሬ አልረካም፤ ሕልሙን የሚያልመው ማን እንደሆነ እፈልጋለሁ።

ነገሩን ያፍረጠረጠው አንድ ቀልድ ነው። ቶም ዲቺሎ በ1995 እ.ኤ.አ. በሠራው «ሊቪንግ ኢን ኦብሊቪየን» ውስጥ ፒተር ዲንክሌጅ ለሕልም ትዕይንት የተቀጠረ ተዋናይ ሆኖ ይጫወታል። ሕልሙ እንግዳ እንዲመስል ለምን የግድ አጭር ሰው ይጠራል ብሎ በዳይሬክተሩ ላይ ይነሣበታል። እውነቱን ነው። እዚያ ትዕይንት ውስጥ እሱ የሌላ ሰው ሕልም ማስጌጫ ነው፤ የራሱን ሕልም የጠየቀው የለም።

ይህን ይዞ «ክራምብስ»ን ማየት ይጠቅማል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጸው፣ በአማርኛ የሚነገር፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም ነው፤ አንድ ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። ዓለም ከጠፋ በኋላ ቅራቅንቦ እየለቀመ የሚኖረውን ሰው ዳንኤል ታደሰ ይጫወተዋል። (ሙያው በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ ከሚዞረው ሰው ብዙም አይርቅም።) ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ ነው። እንግዳ የሆነው ግን ዙሪያው ያለው ዓለም ነው፦ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው መንኮራኩር፣ የማይክል ጆርዳን ምስል የሚከበርበት መሠዊያ፣ ተራ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ጥንታዊ ቅርስ የሚገመትበት ሱቅ። እሱ ይፈራል፣ ይደራደራል፣ ወደ ትውልድ ፕላኔቱ መመለስ ይመኛል። ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታት ሴት ታፈቅረዋለች፤ ፊልሙም ለምን እንደምታፈቅረው ማብራሪያ አያቀርብም። መካከለኛ ዳይሬክተር ቢሆን «ቁመትህ ለእኔ ምንም አይደለም» የምትልበት አንድ ትዕይንት አይቀርም ነበር። የሥራውን ደረጃ ከዚህ ዝምታ እለካለሁ።

ጆሮም ዳኛ ነው። በዚህ ፊልም የዓለም ዝነኞች ስም በጸሎት ሲጠራ ተዋንያኑ አይስቁም፤ ስእለት እንደሚሳል ሰው ከልባቸው ይናገራሉ። ቀልዱ ስለት ያገኘው ከዚያ ነው። የፊልም ንግግር ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ ሲመስል ግን ገጸ ባሕርያቱ በራሳቸው አገር እንግዳ ይሆናሉ፤ ይህን ደግሞ የአማርኛ ተመልካች ከማንም ቀድሞ ይሰማዋል።

«ክራምብስ» እንከንም አለው። ዳሎል ሰው ረግጦት የማያውቅ ፕላኔት መስሎ ይታያል፤ አፋሮች ግን የዚያን አካባቢ ጨው እየቆረጡ በግመል ሲያጓጉዙ ዘመናት አልፈዋል። ለካሜራ «ባዶ» የሆነ ቦታ ሁሉ ባለቤት እንዳለው ጠርጥሩ። ሴቲቱም ሰውየው ሲጓዝ በአብዛኛው ቤት ሆና ትጠብቃለች፤ የጉዞው ሕልም የእሱ ነው።

«ዳይሬክተሩ የውጭ ሰው ስለሆነ ነው» ለሚል የዳካሩ ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልሙ «ቱኪ ቡኪ» ከአፍሪካ ሱሪያሊስት ፊልሞች ሁሉ በእኔ ዘንድ ቀዳሚው ነው። ሞሪ በሞተር ብስክሌቱ ላይ የበሬ ቀንድ ሰክቶ ይነዳል፤ ተማሪዋ አንታ ፀጉሯን አሳጥራ፣ እንደ ወንድ ለብሳ ከኋላው ትቀመጣለች። ሁለቱም የሚያልሙት ፓሪስን ነው፣ የጆዜፊን ቤከር ዘፈንም እየደጋገመ ያባብላቸዋል። በመጨረሻ ወደ ፈረንሳይ በሚሄደው መርከብ ላይ የምትቀረው አንታ ናት፤ ሞሪ ወደ ከተማው ይሮጣል። ማምቤቲ ለሴቲቱ የራሷን ሕልም ሰጥቷታል፣ እስከ መጨረሻውም አልነጠቃትም። ሞሪ ልብሱንና መኪናውን የሚሰርቀው ሀብታሙ ቻርሊ ግን፣ ወንድ ወዳድ መሆኑ ራሱ መሳቂያ ተደርጎ፣ ተዘርፎ ይቀራል። ቻርሊም የዳካር ሰው ነበር፤ ዳይሬክተሩ ግን ሕልሙን አልጠየቀውም።