«ኤርታሌ» በዘመሮ፦ ስለ ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበም የአድማጮች አስተያየት

አንድ አዲስ የሙዚቃ ሥራ ለሕዝብ ጆሮ በደረሰ ጊዜ ስለ እርሱ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቃል አያልፍም፤ ይኸውም «ደስ ይላል» ወይም «ደስ አይልም» ነው። የመጽሐፍ ነገር ሲሆን ቢያንስ ስለ ታሪኩ አካሄድና ስለ ቋንቋው ጥቂት መከራከር ልማድ ሆኗል። በዜማ ረገድ ግን «ስለ ምን ደስ አለህ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር የሚቆጠር ይመስላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበም ነው። ፍርዱንም ብቻችንን ከመስጠት ይልቅ በዘመሮ ከተማ ከተሰበሰቡ አድማጮች ጋር አብረን ሰምተን የተባለውን መመዘን መርጠናል።

ስለ ምን ዘመሮ? የሚል አንባቢ ይኖራል። ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብርዱ የታወቀ ነው፤ ሕዝቡም ከበጉ ጠጉር የሚሠራውን ባና ለብሶ ብርዱን ይመክታል። የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮህበት የአዲስ አበባ አዳራሽ ከዚህ እጅግ ሩቅ ነው። ነገር ግን ባንዱ ለራሱ የሰጠው ስም ጃኖ ነው፤ ለአልበሙም የመረጠው ስም በአፋር ምድር ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። የመኳንንቱን ልብስና የቆላውን እሳት በአንድነት የያዘ ሥራ የአንድ ከተማ ወጣቶች መዝናኛ ብቻ ነኝ ሊል አይችልም፤ የአገር ነኝ ብሏል ማለት ነው። የአገር ነኝ ያለ ሥራ ደግሞ በደጋውም ቢሰማ ቅር ሊለው አይገባም።

ባንዱን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል። ጃኖ በአዲስ አበባ የተቋቋመ የወጣቶች ባንድ ሲሆን፣ አልበሙ በወጣ ጊዜ ድምፃውያኑ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ነበሩ። ከእነዚህም መካከል ዲበኩሉ ታፈሰና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ በሕዝብ ዘንድ የታወቁ ናቸው። አልበሙን ያዘጋጀው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር «ፊውቸር ሾክ» የተባለውን ሥራ ያዘጋጀ፣ ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) በስሟ የተሰየመ አልበም የሠራ በመሆኑ ለኢትዮጵያ ዜማ እንግዳ አልነበረም።

አልበሙን የሰማነው በአንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። አንድ መምህር የድምፅ ማጉያውን ከቤቱ ተሸክሞ አመጣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ሰማነው። በመካከሉ መብራት ጠፍቶ ነበርና ጥቂት ጊዜ በጨለማ ተቀምጠን ስንነጋገር ቆየን፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የተሻለው ክርክር የተደረገው በዚያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ የተናገሩት በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ነበሩ። ሌሎቹ ሽማግሌው «ይህን ጩኸት ዝጉልኝ» ይላሉ ብለው ሲጠብቁ፣ እርሳቸው ግን ወንዶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በሚለቁበት ስፍራ ላይ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ ነገር ቀረርቶ አለበት» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም «ነገር ግን የሚፎክሩት በማን ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ሳቅ ሆነ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ጥያቄው የአንድ ሐያሲ ጥያቄ ነበርና።

በመንዝ ቀረርቶ የሚያቀርር ሰው ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ከፍ ማድረግ ስለሚችል ብቻ አይደለም። አድማጭ አለው፤ የሚያስታውሰው ሥራ አለው፤ የሚያሳፍረው ባላጋራ ወይም የሚያወድሰው ወገን አለው። ጩኸቱ ከዚህ ሁሉ የሚወለድ በመሆኑ መጀመሪያው ይታወቃል፤ መጨረሻውም ይታወቃል። የሮክ ሙዚቃም በተወለደበት አገር ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ወጣቱ የሚጮኸው በአንድ ነገር ላይ ተቆጥቶ ወይም አንድ ነገር ናፍቆ ነው። በ«ኤርታሌ» ውስጥ ይህ ምክንያት በግልጽ የሚሰማባቸው ስፍራዎች አሉ፤ በዚያን ጊዜ ድምፁ ደረትን ይመታል። ደግሞ ጩኸቱ ቀድሞ መጥቶ ምክንያቱ ሳይከተለው የሚቀርባቸው ስፍራዎች አሉ። በዚያን ጊዜ አድማጩ ፈረሱ ሳይኖር ግልቢያ እንደሚያይ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ከሽማግሌው ቀጥሎ የተናገረው አንድ የወረዳ ሠራተኛ ነው። ሐሳቡም በመሥሪያ ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነው፤ ማሲንቆና ዋሽንት የሌሉበት ሙዚቃ የኢትዮጵያ ሊባል አይችልም የሚል። ይህን ሐሳብ በአክብሮት እንቃወማለን። ዛሬ «የጥንቱ፣ የእኛው» ብለን በናፍቆት የምንሰማው የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ሙዚቃ የተሠራው በሳክስፎንና በትራምፔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወጣቶች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፣ ይዘውት የመጡት የነፋስ መሣሪያ ለጆሯችን ከዛሬው የኤሌክትሪክ ጊታር ያነሰ እንግዳ አልነበረም። ዓለማየሁ እሸቴም የኤልቪስ ፕሪስሊን አቋምና አለባበስ ወዶ በመድረክ ላይ ሲያሳይ ዘፈኑ አማርኛ መሆኑን አላቆመም። እንግዲህ ጥያቄው መሣሪያው ከየት መጣ የሚል ሳይሆን፣ ከመጣ በኋላ ለዜማው ምን አደረገለት የሚል መሆን አለበት።

ለዚህም የባንዱ ስም ራሱ ጥሩ መመዘኛ ይሰጠናል። ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ሸማ ነው። ጥለቱ ከሸማው ጋር በአንድ ሸማኔ እጅ አብሮ የሚሠራ እንጂ ሸማው ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚለጠፍ አይደለም። በአልበሙ ውስጥ የጊታሩ ድምፅ ከዜማው ጋር አብሮ የተሸመነበት ቦታ አለ፤ ተለጥፎ የቀረበትም አለ። ይህን ልዩነት ያለ ሙዚቃ ትምህርት እንኳ ጆሮ ይለየዋል፤ ምክንያቱን ለመናገር ግን ስለ ቅኝት ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል።

የሮክ ጊታር ድምፁ በኤሌክትሪክ ኃይል ተገፍቶ ሲሻክር ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ቢመቱበት እርስ በርሳቸው ይደበላለቃሉ። ስለዚህ ተጫዋቾቹ አብዛኛውን ጊዜ መነሻውን ድምፅና ከእርሱ አምስተኛውን ብቻ ያጣምራሉ። የሮክ ክብደት የሚመጣው ከዚህ ጥምረት ነው። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም ይህ አምስተኛ ድምፅ በውስጣቸው ስላለ እንግዳውን በቀላሉ ያስተናግዱታል። እንዲያውም የትዝታው ሙሉ ቅኝትና ከባቲ ቅኝቶች አንዱ የሮክና የብሉዝ ተጫዋቾች ዘወትር ከሚጠቀሙባቸው አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው፤ በዚህ በኩል ጋብቻው የዘመድ ጋብቻ ይመስላል። አንቺ ሆዬ ግን ሌላ ነው። በእርሱ ውስጥ ከመነሻው ጋር የሚስማማው አምስተኛ ድምፅ የለም፤ በቦታው ያለው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ሸካራው ጊታር የለመደውን ጥምረት ይዞ ከገባበት ቅኝቱ ይሰበራል፤ ድምፃዊው እውነተኛውን ቅኝት ሲዘፍን ጊታሩ ሌላ አገር ይሆናል። ይህን ችግር ለማምለጥ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ጊታሩ እንደ ክራር አንድ አንድ ድምፅ እየለየ መጫወት፣ ወይም ዜማው ወደ ሚመቸው ቅኝት መሸሽ ነው። ወጣት ባንዶች ሁለተኛውን መምረጥ ይቀናቸዋል፤ የተመረጠውም ቅኝት ሲደጋገም ዘፈኖቹ እርስ በርሳቸው መመሳሰል ይጀምራሉ።

የምቱም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ችክችካ ስድስቱን ምት ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት የሚከፍል ሲሆን የሮክ ከበሮ በአራት ይቆጥራል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ ከሁሉ በፊት ግን ትከሻ የትኛውን እንደሚከተል መወሰን አለበት።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ግን የሻይ ቤቱ ባለቤት የሆኑት እመቤት በሦስት አረፍተ ነገር የበለጠ ተናገሩ። «የመጀመሪያዎቹን ስሰማ ብርጭቆ ማጠቤን ተውኩ። ኋላ መልሼ ማጠብ ጀመርኩ። ወደ መጨረሻው ግን እንደ ገና እጄ ቆመ» አሉ። አንድን አልበም ወጣ ገባ ነው ለማለት ከዚህ የተሻለ ምስክርነት አላገኘንም። ፍርዳቸው በአንገት መነቅነቅ ሳይሆን በእጅ መቆም የተሰጠ ነበርና። እኛም በማስታወሻችን ደካማ ነው ብለን የጻፍነው ክፍል እርሳቸው ብርጭቆ ወደ ማጠብ ከተመለሱበት ጋር ብዙ ልዩነት አልነበረውም።

አንዲት ተማሪ ደግሞ ሌሎቹ ያላሰቡትን አነሣች። በብዙ ባንዶች ሴቶቹ ከኋላ ቆመው የሚቀበሉ ብቻ ሲሆኑ፣ በዚህ አልበም ግን ከወንዶቹ ጋር እኩል ፊት ለፊት ቆመው ይዘፍናሉ፤ ደግሞም ሲጮኹ አይለማመጡም አለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን የባንዱ ትልቅ ሀብት የሆነው ይህ የአራት ድምፅ ብዛት ለአልበሙ መበታተንም አንድ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። የጂጂ አልበም በታላላቅ የጃዝ ሰዎች ታጅቦ ሳለ የማይበታተነው አንዲት ድምፅ በመካከሉ ስለ ቆመች ነው፤ መሣሪያው ሁሉ ወደ እርሷ ይመለሳል። በ«ኤርታሌ» ውስጥ አድማጩ አንዱን ድምፅ ለምዶ ልቡን ሊሰጥ ሲል ሌላው ይቀበላል፤ እንደ ገና መላመድ ይኖርበታል። የአዘጋጁ የቢል ላስዌል እጅ ይህን ጉድለት በድምፁ ጥራት ሊሸፍነው ይሞክራል። የቤዙ ጥልቀት፣ የከበሮው ጥራት በአገራችን አልበሞች ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው። ሆኖም ሁሉን እኩል የሚያሳምር እጅ ደካማውን ዘፈን ከብርቱው ጋር አንድ ያስመስለዋል። አንዳንዱ ዘፈን ትንሽ ቢሸክር፣ ትንሽ ቢራቆት ይሻለው ነበር እንላለን።

የወረዳው ሠራተኛ በዚህ ጊዜ «እንግዲያው አልተሳካላቸውም ማለት ነዋ!» አለ። እንዲህ አይደለም። ሌድ ዜፔሊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያ አልበሙን ባወጣ ጊዜ «ሮሊንግ ስቶን» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አጣጥሎት ነበር፤ ዛሬ ከሮክ ታላላቅ ሥራዎች ጋር ይቆጠራል። በአንጻሩም ሬዲዮሄድ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም በአንድ ዘፈን ብቻ የታወቀና ወጣ ገባ ተብሎ የተተቸ ሲሆን፣ ባንዱ በአራት ዓመት ውስጥ ዓለም ያደነቀውን ሦስተኛ አልበሙን አቀረበ። የመጀመሪያ አልበም አንድ ባንድ ከብዙ መንገዶች የትኛውን እንደሚወድ ገና ሳይወስን የሚሠራው ነውና ሁሉንም ሊሞክር ይፈልጋል። ጃኖም ሁለተኛውን አልበም «ለራስህ ነው» ብሎ ለማውጣት እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ቆይቷል። ስድስት ዓመት ለአድማጭ ረጅም ጊዜ ነው፤ በመካከሉ የመጀመሪያው አልበም ብቻውን ቆሞ ስለ ባንዱ ሁሉ ሲመሰክር መኖሩ ፍርዱን ከሚገባው በላይ አክብዶበታል።

ስብሰባው ሊበተን ሲል፣ የድምፅ ማጉያውን ያመጣው መምህር እኛን ወደ ዘመሮ የጋበዘበትን እውነተኛ ምክንያት ነገረን። እርሱ በሚያውቀው በአንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ነበረ፤ ሀብቱም አንድ ክራርና አንድ ከበሮ ነው። ተማሪዎቹ የጃኖን ሙዚቃ በስልካቸው ከሰሙ ወዲህ ክራሩ ደከመባቸው። ጊታር ካልተገዛ አንጫወትም አሉ፤ ለጊታር የሚሆን ገንዘብ ደግሞ የለም፤ ክራሩም ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ክበቡ አንድም ቀን አልተሰበሰበም። መምህሩ አልበሙን የወደደ ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ «ይህ አልበም ለአዲስ አበባ አንድ ባንድ ሰጠ፤ ከእኛ ግን አንድ ክራር ወሰደ» ሲል ቅሬታው በድምፁ ይታወቅ ነበር።

ጥፋቱ የአልበሙ ነው ለማለት አንደፍርም። ሆኖም ከክበቡ ልጆች አንዱ በሻይ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ሁሉን ሲሰማ አምሽቶ ነበርና ወደ እኛ ቀርቦ፣ «ጋሼ፣ ስለ አንቺ ሆዬ የተናገሩት እውነት ከሆነ፣ ጊታሩ የማይችለውን ክራሩ ይችላል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። አዎን፣ ክራር በቅኝቱ ተስቦ የሚጫወት መሣሪያ በመሆኑ አንቺ ሆዬን ሳይሰብር ይዞ ይሄዳል፤ ድምፅ ማጉያ ቢገጠምለት ደግሞ የሚፈራው ከበሮ የለም ስንል መለስንለት። ልጁ ሌላ አልጠየቀም። ማጉያውን ለመምህሩ ተሸክሞለት ሲወጣ ግን ገመዱንና መሰኪያውን እያገላበጠ፣ ከእንጨት ጋር በምን እንደሚጣበቅ ይመረምር ነበር።