የንባብ ክበብና የማጠቃለያ ወረቀት

አንዳንድ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ተማሪውን ለማስነበብ ሲሉ የንባብ ክበብን ከትምህርቱ ጋር አያይዘውታል። አሳቡ መልካም ነው፤ አሠራሩ ግን ይነቀፋል። መጽሐፉ በየምዕራፉ ተከፋፍሎ ይታደላል፤ እያንዳንዱ ተማሪ የደረሰውን ክፍል አሳጥሮ ለጓደኞቹ ይነግራል፤ መምህሩም ነጥብ ይሰጣል። እንዲህ ሲሆን ክፍሉ በሙሉ መጽሐፉን ጨረሰ ይባላል እንጂ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው አንድ ሰው እንኳ መኖሩ ያጠራጥራል። ለዚህማ ክበብ ምን ያስፈልጋል? ማጠቃለያው ከፎቶ ኮፒ ቤት ይገኛል።

ጉዳቱ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በግልጽ ይታያል። ማጠቃለያ የያዘ ተማሪ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የለያያቸው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነው ብሎ ይጽፋል፤ አልተሳሳተም። ነገር ግን ደራሲው ታሪኩን የሚጀምረው ከፊታውራሪው ግቢ ሳይሆን ከማንኩሳ፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ቤት ነው። በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው፤ ሰብለን ገና ሳያያት በስለት ታስሯል። ታዲያ ፍቅሩን የከለከለው ትዕቢተኛው ባላባት ብቻ ነውን? ወይስ አጥብቀው የሚወዱት ወላጆቹም እጃቸው አለበት? ይህን ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የደረሱት ተማሪ ሊያነሣው ይችላል፤ የመጨረሻዎቹ የደረሱት ግን ምን እንደሚጠየቅ እንኳ አይገባውም። ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃል።

እንደ እኔ አስተያየት፣ ከዚህ ይልቅ የመጻሕፍት ቤት ልማድ ይሻላል። በዚያ አንዱ ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማል፤ «አንድም» ሲባል ሁለተኛው ፍች የፊተኛውን አያባርረውም። እርግጥ የዚያ ቤት ዋና ዓላማ የተቀበሉትን ጠብቆ ማቆየት ነው፤ የእኛ ግን መጠየቅም ጭምር ነው። ቢሆንም መጽሐፉን ዘርግቶ በአንድ ቃል ላይ መቆየትን ከእነርሱ ልንወስድ ይገባናል።

ስለዚህ ነጥቡ ይቅር፤ ሁሉም ያንኑ ገጽ አንብቦ ይምጣ፤ የሚጠይቀውንም ከነገጹ ቍጥር ያምጣ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ በአንድ ሳምንት አይጠናቀቅም፤ ወሩን ሙሉ ቢወስድ አይከፋም። ቅጂ ያንሳል የሚል ካለ፣ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ሌሎቹ ያዳምጡ። ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ ልብ ወለድ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞት የማያውቅ ሰው ሁሉ ለበዛብህ ይቈረቈር ነበር።