«ዲ» ላይ ነው ያለው፣ አይጠፋም!

ኮምፒውተር ፎርማት አድርጎ የሚመልስ ባለሙያ «ፋይሉን ዲ ላይ አድርጌዋለሁ፣ አይጠፋም» ካለ ሥራው የሚመዘነው እዚች ላይ ነው። ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት ከቦኬ የመጣ ሰው ያስጻፈው ማመልከቻና ውል ሁሉ የሚከማቸው እዚያው «ዲ» ውስጥ ነውና።

የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀሉ፤ ያደናግራል። ከዚያ ስታርት ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። ሲና ዲ የሚሉትን ፊደሎች ተዉና በግራ በኩል ያለውን ጽሑፍ እዩ። «ዲስክ 0» ብቻ ካለ ሲም ዲም የአንድ ዲስክ ክፋይ ናቸው። ዊንዶውስ ሲበላሽ ሲ ለብቻው ፎርማት ተደርጎ ዲ ይተርፋል፤ ዲስኩ ራሱ ከሞተ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የሠሪው ቃል ግማሽ እውነት ነበር ማለት ነው። ከሥሩ «ዲስክ 1» ተዘርዝሮ ዲ እሱ ላይ ከተገኘ ግን እጁን ያመሰግኑለታል፤ በተለይ ዊንዶውሱን ፈጣኑ ዲስክ (ኤስኤስዲ) ላይ ጭኖት ከሆነ።

አንድ ፊደል በሁለቱም ዲስኮች ላይ ከታየ መጠኑን ጠይቁ። የሁለቱ ድምር ከሆነ ቦታ ለማስፋት ተቀጣጥለዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይጠፋል። ለጽሕፈት ቤት ከዚህ የከፋ አሠራር አላውቅም። መጠኑ የአንዱ ብቻ ከሆነ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፤ ይህ የጠንቃቃ ሰው ሥራ ነው።

500 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛው 465 ቢል ሠሪውን አትጠርጥሩት። አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር ነው። ፊደል ሳይሰጠው የቀረ ሰፊ ጥቁር መስመር ግን ስንፍና ነው። «ኒው ቮልዩም» የሚል ስም ሳይነካ ሲቀርም ሠሪው ቶሎ ጨርሶ ሊሄድ እንደቸኮለ ይገባኛል፤ «ሰነድ» ብሎ መሰየም ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ዲስኩ ያገለገለ ከሆነ ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም አስከፍቱ። ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል፤ 8760 ሰዓት ያለ እረፍት አንድ ዓመት ነው። ቢጫ ካሳየ፣ አከፋፈሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሌላ ዲስክ እንዲቀይርላችሁ ንገሩት።