ስለ አዛዥ ስክሪፕት የቀረበ ትችት

ብዙ ስክሪፕቶችን በአንድ ዋና ስክሪፕት ሥር ማስተዳደር ኮምፒዩተር ባለበት ቦታ ሁሉ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ስክሪፕት ማለት ሰው በእጁ ደጋግሞ ይሠራው የነበረውን ሥራ ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲፈጽመው በተራ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። እንዲህ ያሉት ዝርዝሮች ሦስትና አራት፥ ከዚያም ዐሥርና ሃያ ሲሆኑ፥ ሁሉን እየጠራ የሚያሠራ አንድ አለቃ ያስፈልጋል ይባላል። ይህን አለቃ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አዛዥ ስክሪፕት እለዋለሁ። ዓላማዬም አዛዥ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የምንጽፈው አዛዥ ሥልጣን እንጂ ዕውቀት የሌለው መሆኑን ለማሳየት፥ ደግሞም በዚሁ ነገር ቀደም ብለው የደከሙ ሰዎች ያቀረቡትን መፍትሔ ለመመርመር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በተማርኩበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደወል የሚደውል አንድ ተማሪ ነበረ። የጸሎት፥ የትምህርት፥ የምሳና የመኝታ ደወል በእሱ እጅ ስለ ነበረ ሁላችንም እንታዘዘው ነበር። ነገር ግን ልጁ የሚያየው ሰዓቱን ብቻ ነው። እንጀራው ባይደርስም የምሳ ደወል ይደወላል፤ ተማሪውም ሁሉ ባዶ ገበታ ፊት ይቆማል። በኋላ የወጥ ቤቱ ኀላፊ፥ «ልጄ፥ ከመደወልህ በፊት ብቅ ብለህ እየን» ብለው ለመኑት። ከዚያ ወዲያ ደወሉ አንዳንድ ቀን ዘገየ እንጂ ባዶ ገበታ አልገጠመንም። ይህ ነገር ትንሽ ቢመስልም፥ ወደ ፊት ለምናገረው ሁሉ መክፈቻ ይሆነናል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከጓደኞቼ ጋራ ሆነን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች አፍ የሰማነውን የቆየ ታሪክ እየጻፍን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ እናከማች ነበር። ሥራው እንዳይጠፋ በማሰብ አራት ስክሪፕቶች ጻፍኩ። አንደኛው በየሌሊቱ ጽሑፉን ሁሉ እየገለበጠ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ያመጣል። ሁለተኛው ከመጣው ቅጂ ላይ ማውጫ ያዘጋጃል። ሦስተኛው የሥራ ድልድሉን ለጓደኞቼ ይልካል። አራተኛው ደግሞ ቦታ እንዳይጣበብ ከ14 ቀን በላይ የቆየውን ቅጂ ይሰርዛል። እነዚህን በተራ የሚጠራ አዛዥ ስክሪፕት ጻፍኩና፥ ክሮን የሚባለው ሰዓት ጠባቂ ፕሮግራም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲያስነሣው አደረግኩ። በአዛዡም መጨረሻ ላይ «ሥራው ሁሉ ተፈጽሟል» የሚል መልእክት እንዲልክልኝ አዘዝኩ።

አንድ ቀን የዋናው ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ተለወጠ። በዚያ ሌሊት ገልባጩ ስክሪፕት ከደጅ ተከልክሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። አዛዡ ግን «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ሳይጠይቀው ቀጥሎ ያለውን ጠራ። ማውጫውም ከቀደመው ቅጂ ላይ ስለሚዘጋጅ ያው የትናንቱ ተመልሶ ወጣ። አራተኛው ስክሪፕት የታዘዘውን አልዘነጋም፤ በየሌሊቱ የአንድ ቀን ቅጂ እየሰረዘ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲህ ሆነ። እኔም በየማለዳው «ሥራው ሁሉ ተፈጽሟል» የሚለውን እያነበብኩ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የዋናው ኮምፒዩተር ዲስክ ተበላሸ፤ ቅጂውን ፍለጋ ብንሄድ ቤቱ ባዶ ሆኖ አገኘነው። አብዛኛውን ከእጅ ጽሑፋችን እያየን እንደ ገና ጻፍነው። ሦስት ጽሑፎች ግን ወረቀት አልነበራቸውም። ከሦስቱ የአንዱን ታሪክ የነገሩን ሽማግሌ በመካከሉ ዐርፈዋል፤ እሳቸውን ሁለተኛ መጠየቅ አይቻልም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? አራቱ ስክሪፕቶች እያንዳንዳቸው የተጻፈላቸውን አድርገዋል። ገልባጩም ቢሆን አልዋሸም። በዩኒክስ ሥርዓትና ከእሱ በተወለዱት ሁሉ ማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ አንድ ቁጥር ትቶ ይወጣል። ቁጥሩ 0 ከሆነ ተሳክቷል፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ አልተሳካም ማለት ነው። ገልባጩም አለመሳካቱን የሚናገር ቁጥር ትቶ ነበር። ነገር ግን ትእዛዝ አንባቢው ፕሮግራም፥ ሼል የሚባለው፥ ካልተነገረው በቀር አንዱ መሥመር ቢወድቅም ወደሚቀጥለው መሥመር ይሄዳል። የአዛዡም የራሱ መውጫ ቁጥር የመጨረሻው ትእዛዝ ቁጥር ነው። የእኔ የመጨረሻ ትእዛዝ መልእክት መላክ ስለ ነበረ፥ መልእክቱ እስከ ተላከ ድረስ አዛዡ በየሌሊቱ 0 ብሎ ይወጣ ነበር። በሌላ አነጋገር «ተፈጽሟል» የሚለው ቃል የመሰከረው ስለ ራሱ መላክ እንጂ ስለ ሥራው አልነበረም።

ይህን ስነግራቸው አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «ስሕተት ባየህ ጊዜ ሁሉ ቁም የሚለውን ትእዛዝ በራሱ ላይ ብትጽፍበት ኖሮ ይበቃ ነበር» አሉኝ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሼል ውስጥ መኖሩ እውነት ነው፤ የእኔን ጥፋት ያድን እንደ ነበረም አልክድም። ቢሆንም ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው፥ ትእዛዙ በሁሉም ቦታ አይሠራም። አንድ ሥራ «ቢሆን» በሚል ጥያቄ ውስጥ ከተጠራ መውደቁ እንደ መልስ ይቈጠራል እንጂ አያስቆምም። ደግሞ የአንዱ ውጤት በፓይፕ ወደ ሌላው ሲፈስስ፥ የሚታየው የመጨረሻው ፕሮግራም ቁጥር ብቻ ስለሆነ፥ ሌላ ተጨማሪ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር የፊተኛው ውድቀት ይሸፈናል። ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይበልጣል። ሁሉን ማቆም ራሱ ፍርድ የጎደለው ነው። የሥራ ድልድሉን መላክ ባይሳካ መገልበጡ ለምን ይቀራል? መገልበጡ ባይሳካ ግን መሰረዙ የግድ መቆም አለበት። ልዩነቱን የሚያውቀው የትኛው ሥራ በየትኛው ላይ እንደ ቆመ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ሌሎች ደግሞ፥ «አዛዡ ይቅርና እያንዳንዱ ስክሪፕት በክሮን ላይ የራሱ ሰዓት ይኑረው» ይላሉ። ይህም አሳብ ያለ ምክንያት አልተነሣም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ አይወድቅምና። ነገር ግን መገልበጡን በ8 ሰዓት፥ መሰረዙን በ9 ሰዓት ብናደርገው፥ መገልበጥ ከአንድ ሰዓት አያልፍም ብለን ገምተናል ማለት ነው። ጽሑፉ በበዛ ጊዜ ግምቱ ይፈርሳል፤ ሰዓቱ ግን መፍረሱን አያውቅም። ይህ ያው የደወሉ ልጅ ነው።

በተራ ቍጥር መደርደርም ከዚህ ብዙ አይሻልም። በቀድሞው የሲስተም ፋይቭ አጀማመር ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚጠሩት ስክሪፕቶች በስማቸው ራስ ላይ ሁለት አኀዝ ያለው ቍጥር ነበራቸው፤ ትንሹ ቍጥር ይቀድማል። ሥርዓቱ ቀላልና ለማንበብ የሚመች ነበር። ነገር ግን 20ኛው ከ30ኛው ለምን እንደሚቀድም ቍጥሩ አይናገርም። ምክንያቱን የሚያውቀው ሰው ከሄደ በኋላ ቍጥሩን ለመለወጥ የሚደፍር አይገኝም። በ2010 የወጣው ሲስተምዲ የተባለው አስጀማሪ ስለ ብዙ ነገር ተነቅፏል፤ በአንድ ነገር ግን ሊመሰገን ይገባዋል። «ይህ ያስፈልገኛል» ማለትና «ከዚህ በኋላ ልጀምር» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለይቶ እንድንጽፍ ያስገድደናል። እኔ አዛዤን ስጽፍ መቅደምን ከማስፈለግ ጋራ አንድ አድርጌ ነበር የማየው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚደነቀው የቆየ ሥራ በ1976 በቤል ላቦራቶሪ ስቱዋርት ፌልድማን የሠሩት ሜክ የተባለው ፕሮግራም ነው። መነሻው አንድ የሥራ ባልደረባቸው ማለዳውን ሙሉ ሲደክሙ መዋላቸው ነው። ስሕተቱ አስቀድሞ ታርሞ ነበር፤ የታረመው ፋይል ግን እንደ ገና ተሰናድቶ ወደ ፕሮግራሙ ስላልገባ፥ ሰውየው የዳነውን በሽታ ሲያክሙ ቆዩ። ሜክ ተራ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ይህ ነገር ከምን ይሠራል? እንዴት ይሠራል?» ብሎ ነው። ተራውን ከመልሱ ላይ ራሱ ያወጣል፤ የፋይሎቹንም ጊዜ አስተያይቶ ያረጀውን ብቻ እንደ ገና ያሠራል። አንዱ ከወደቀ በእሱ ላይ የቆመው አይሠራም። ለዚህም ሥራ ፌልድማን በ2003 የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው የኤሲኤም ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የሆነ ሆኖ ሜክም ያለ ነቀፋ አይታለፍም። የትእዛዙ መሥመር በታብ ካልጀመረ አይቀበልም፤ ለዓይን ግን ታብና ባዶ ቦታ አንድ ናቸው። ፌልድማን በኋላ እንደ ተናገሩት፥ ጉድለቱን ባወቁ ጊዜ ዐሥራ ሁለት ያህል ተጠቃሚዎች ስለ ነበሯቸው እነዚያን ላለማስቸገር ተዉት። ለዐሥራ ሁለት ሰው የተደረገ ይሉኝታ ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሰው አስቸገረ! «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ከዚህ የሚከብደው ግን ሜክ የሚያምነው የፋይልን ጊዜ መሆኑ ነው። ትእዛዙ በመካከል ወድቆ ግማሹ የተጻፈ ፋይል ቢቀር፥ ጊዜው አዲስ ስለ ሆነ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ ተፈጸመ ሊቈጠር ይችላል። በግኑ ሜክ ውስጥ እንዲህ ያለውን ፋይል የሚያስጠፋ ትእዛዝ አለ፤ ነገር ግን ጸሐፊው ራሱ ካልጻፈው አይሠራም።

ሰዎች ሜክን ሲወዱት ደግሞ ሌላ ጥፋት አመጡ። ትልቁን ሥራ በየፎልደሩ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ የራሱን ሜክ ሰጡና፥ በላይ የተቀመጠው ሜክ የታችኞቹን እንዲጠራ አደረጉ። ፒተር ሚለር በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ልማድ አጥብቀው ነቀፉ። ነገራቸው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ማን በማን ላይ እንደ ቆመ የሚያሳየው ካርታ ተቈራርጦ ሲሰጥ፥ ማንም ሙሉውን አያይም። ስለዚህ አንዱ ሳይሠራ ይቀራል፥ ሌላው ያለ ምክንያት ይሠራል፤ ሰውም ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ በማስኬድ ያስታምመዋል። መፍትሔያቸው ክፍልፋዮቹ በየቦታቸው ይጻፉ፥ የሚያነባቸው ግን አንድ ሜክ ይሁን የሚል ነው።

በእኔ አስተያየት የሚለር ነቀፋ ሜክን አልፎ አዛዥ ስክሪፕትን ሁሉ ይነካል። አዛዡ ታዛዦቹን በስም ብቻ ሲያውቃቸው፥ ከእሱ የሚጠበቀው ፍርድ አይኖርም። ነገር ግን መፍትሔያቸው ክፍሉ ሁሉ በአንድ እጅ ባለበት ቦታ ነው የሚሠራው። ታዛዡ ስክሪፕት የሌላ ክፍል ንብረት ከሆነ ውስጡን ከፍተን ካርታችን ላይ ልንጥለው አንችልም። በእንዲህ ያለ ቦታ ማድረግ የሚቻለው ሲወጣ እውነቱን እንዲናገር መጠየቅና፥ የተናገረውንም ራሳችን መመርመር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእኔን አዛዥ እንደ ገና ጻፍኩት። አሁን ገልባጩ ሲመለስ ቁጥሩ ይታያል፤ ያመጣቸው ፋይሎች ተቈጥረው ከዋናው ጋራ ይመዛዘናሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ማውጫውም መሰረዙም አይጠሩም፤ የሥራ ድልድሉ ግን ይላካል። ሰራዡ በበኩሉ አዛዡን አምኖ አይሰርዝም፤ ቢያንስ ሰባት የተሟሉ ቅጂዎች መኖራቸውን ሳያይ አንድም አይነካም። የትናንቱ ሥራ ሳያልቅ የዛሬው እንዳይጀምር አዛዡ ሲገባ ይቈልፋል። መልእክቱም «ተፈጽሟል» ማለቱን ትቶ ስንት ፋይል እንደ መጣና ስንት እንደ ተሰረዘ ይናገራል። መልእክቱ ከናካቴው ካልመጣ ደግሞ ሌላው ኮምፒዩተር እንዲጠራኝ አድርጌአለሁ፤ የሞተ አዛዥ መሞቱን ራሱ ሊነግረኝ አይችልምና።

ይህ ሁሉ አዛዡን አስረዘመው፤ ከ12 መሥመር ወደ 90 መሥመር ደረሰ። አንባቢ ይህን አይቶ «ብዙ ብዙ ሆነ» ቢል አልፈርድበትም። የረዘመው ግን ትእዛዙ ሳይሆን ጥያቄው ነው። ሰው ለራሱ ሲሠራ ጥያቄውን በዓይኑ ያደርገዋል፤ ሥራውን ለስክሪፕት ሲሰጥ ጥያቄውን አብሮ ካልሰጠ የሰጠው ግማሹን ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኘብኝ ቢኖር እንዲያርመኝ እለምናለሁ። የሌሊት ሥራውን ለአዛዥ ስክሪፕት የሰጠ ወንድም ወይም እኅት ደግሞ ዛሬውኑ ገልባጩን በእጁ አስወድቆ ማለዳ የሚመጣለትን መልእክት እንዲያነብ እመክራለሁ። መልእክቱ እንደ ወትሮው «ተፈጽሟል» ካለው፥ የሚሠራውን ያውቃል።