እንዝርትና ካሜራ

ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ በነበረበት በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ መኳንንት ለምድና ጎራዴያቸውን ይዘው ይነሡ የነበረው ዕቃው የሹመታቸው ማስረጃ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ አንዳንድ ፎቶግራፍ ቤቶች ካባና ጋሻ በምስማር ሰቅለው ለመጣው ሁሉ ያውሳሉ፤ ይህ ጌጥ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሹመት ያልነበራት የፈታይ እናት እንዝርት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በጣቷ ወዝ ጠቁሯል፤ ለልጆቿ የቀረ የሥራዋ ምስክር እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፍ አንሺው ልጂቱን «እንደ አበባ ደረትሽ ላይ ያዢው» ሲላት (ስንቱ እንዲህ ይላል!) የዚያን ምስክር አፍ ይዘጋል። ከባዘቶው ክር ስትስብ ቢያነሣት ኖሮ፣ የእናቲቱን የእጅ ልማድ በልጂቱ ጣቶች ላይ ባየን ነበር። መፍተል የማታውቅ ከሆነችም እንዝርቱ ከጎኗ ይቀመጥ፤ እጇ ባዶ ሆኖ ይታይ።